ቀይ ጨርቅ ያሰረችበት እንጨት

ኖሉቫዮ በባለ ውሾች ላይ መጮህ ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። የባሕር ዳር ወፎች እንቁላላቸውን ባዶ አሸዋ ላይ ስለሚጥሉ፣ ባገኘችው ጎጆ ሁሉ አጠገብ ቀይ ጨርቅ ያሰረችበት እንጨት ትተክላለች፤ ሰው አይቶ እንዲያልፍ። የራሷን ውሻ በገመድ ይዛው ትዞራለች፤ ቤት ስትደርስ ትፈታዋለች፤ ሌሊቱን ደጅ ያድራል። ስሙ ዞንዳኒ ነው፤ «ጥሉኝ» ማለት ነው፣ ጎረቤት ሰምቶ ይቃጠል ብላ ያወጣችለት።

ዘንድሮ ግን ጎጆዎቹ ተራ በተራ ባዶ ሆኑ። ዙሪያቸው የውሻ ዳና ነው። አዳኙ ምዝዋንዲሌ ደጃፍ ሄዳ ጮኸች።

«ውሾችህን እሰር! ጨረሷቸው እኮ!»

«እማማ፣ የእኔዎቹ ሳምንቱን ሙሉ ከእኔ ጋር ጫካ ነበሩ» አላት። «ደግሞ እንጨት ያልተተከለበት ጎጆ ተነክቶ ያውቃል?»

«አፍህን ዝጋ!» ብላው ሄደች።

ነገሩ ግን እንቅልፍ ነሳት። ማለዳ ዞንዳኒን ይዛ ወረደች። እንቁላል በሌለበት አሸዋ ላይ እንጨት ተከለችና ገመዱን ለቀቀች። ዞንዳኒ በደስታ ሮጦ የእንጨቱን ሥር በአፍንጫው ያምስ ጀመር።

ከኋላዋ፣ በባሕሩ ዳር ሁሉ፣ በእጇ የተከለቻቸው ቀይ ጨርቆች ይውለበለባሉ።