በቁስል ክር የተሰፋች መስኮት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ እጄ የለመደው መቀስና ጠመኔ እንጂ እስክሪብቶ አይደለም። አሁን ግን ሰቆጣ ወደምሠራበት ጋራዥ ሁለት ልጆች ስፌት ሊማሩ መጥተዋል። ሲጠይቁኝ አፌ ይተሳሰራል። በአፌ ያልሆነልኝን በወረቀት ልሞክረው ብዬ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ወደ ጋራዡ የገባሁት አክስቴ እጄን ይዛ ነው። ገበያው ዳር ባለው ሱቋ ጆንያና ድንኳን እሰፋላት ነበር። አለቃችን ደሳለኝ ሞተር ላይ እንዳጎነበሰ "ትናገራለች?" ብሎ ጠየቃት። "ትሰፋለች" አለችው። የባጃጅ ወንበር ልባስ ወርውሮልኝ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ ሰፍቼ ስሰጠው በሁለት እጁ ወጥሮ ጎተተው፤ አልተተረተረም። "ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ነይ" አለኝ።

ጋራዥ ውስጥ ተራ አለ። ከላይ ሞተር የሚፈታው ነው። ቀጥሎ ላሜራ ቀጥቃጩና በያጁ፣ ከዚያ ቀለም ቀቢው። ወንበርና ሸራ ሰፊ መጨረሻ ነው፤ ሥራው የሚደርሰው ሌሎቹ ጨርሰው እጃቸውን ሲታጠቡ ነውና። እኔም ብዙ ጊዜ የባጃጅ ጣሪያ ብቻ ስሰፋ ቆየሁ።

ይህን የምታስጽፈኝን ጂፕ ያመጧት ጋሽ ወርቁ የሚባሉ ደንበኛ ናቸው። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የክትባት ቡድን ሹፌር ነበሩ። ያኔ የሚነዷት ሸራ ጣሪያ ያላት ጂፕ ከአገልግሎት ወጥታ፣ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ጥግ ድንጋይ ላይ ተሰቅላ ስትኖር፣ ለጨረታ ወጣች ሲባል ሄደው ገዟት። በጭነት መኪና ተጭና ስትመጣ ወለሏን ዝገት በልቶት መሬቱ በውስጧ ይታይ ነበር።

"ለብረት ነው ወይስ ለመኪና የገዟት?" አለ አለቃችን።

"ለሚስቴ ነው" አሉ።

ባለቤታቸው እትዬ ትርንጎ የዚያው ቡድን ነርስ ነበሩ። ታላቅ እህታቸው አምደወርቅ ከተማ ታመው አልጋ ከያዙ ቆይተዋል። እትዬ ትርንጎን ግን ሚኒባስ በሩ ሲዘጋ ያስመልሳቸዋል። ሞክረው ሞክረው ከከተማ ሳይወጡ ነው የሚወርዱት። በእግር እንዳይሄዱ ጉልበታቸው እምቢ ብሏል። በሥራ ዘመናቸው ያላስመለሳቸው መኪና ይህቺ ጂፕ ብቻ ነበረች። ጋሽ ወርቁ ይህን ሲናገሩ የሞተሩን ክዳን እንደ በሬ ጀርባ ይደባብሱት ነበር።

"ታዲያ ሸራውን ገልጠው መውሰድ ነዋ" አለ አለቃችን።

"አቧራው ሳሏን ይቀሰቅስባታል። ሸራው ይኑር፤ አንድም ቀዳዳ እንዳይኖረው።"

ሥራው ወራት ወሰደ። አለቃችን ካርቡሬተሩን ፈታ፣ ፍሬኑን ለወጠ፣ የጎደለውን ዕቃ ወልድያ ድረስ አስፈለገ። በያጁ የዛገውን ወለል ቆርጦ አዲስ ላሜራ በየደ። እኔ አሮጌውን ሸራ ወሰድኩ። አሮጌ ሸራ አይጣልም። ስፌቱ ይተረተርና አዲሱ ላይ ተነጥፎ ልኩ በጠመኔ ይገለበጣል።

ስተረትር በኋላው ወንበር በስተቀኝ በኩል መዳፍ የምታክል ክዳን አገኘሁ። መጀመሪያ ቀዳዳ መስላኝ ነበር፤ ግን ጠርዟ ታጥፎ ተሰፍቷል። በራሱ የተቀደደ ሸራ ጠርዙ አይታጠፍም። ክሩም የእኛ ዓይነት አይደለም፤ ጥቁር፣ የሚያዳልጥ፣ እያንዳንዱ ስፌት ለብቻው የተቋጠረ። ለአለቃችን አሳየሁት።

"ሸራው ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል በይኛ" ብሎ ሳቀ። "ቀዳዳ አልፈልግም ብለዋል፤ ይደፈን።"

አዲሱን ደፍኜ ሰፋሁት። ክዳኗ ያለችበትን ቁራጭ ግን ከአሮጌው ቆርጬ መሳቢያዬ ውስጥ አኖርኳት።

ጂፗ ስታልቅ ጋሽ ወርቁ እትዬ ትርንጎን ይዘው መጡ። እትዬ ትርንጎም ድሮ የክትባቱን ሳጥን አቅፈው ይቀመጡበት በነበረው በኋላው ወንበር ተቀመጡ። ሸራው ተዘጋ፤ ሞተሩ ተነሳ። ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረው ሳይጨርሱ "አውርደኝ" አሉ። ፊታቸው ዐመድ መስሎ ግድግዳ ተደግፈው አስመለሱ።

ጋሽ ወርቁ ቁልፉን ለአለቃችን ዘረጉለት። "ገዢ ፈልግልኝ።"

እትዬ ትርንጎ አፋቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወደ መንገዱ ዞሩ። "እንግዲህ እህቴን በስልክ ነው የምቀብራት" አሉ።

እኔ ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም። መሳቢያዬን ከፍቼ ቁራጯን አመጣሁና እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱት። "የቁስል ክር ነው" አሉ ቀስ ብለው። "እኔ ነኝ የሰፋኋት። ክዳኗን ገልጬ ፊቴን እዚህ ጋ አደርግ ነበር።"

"መቼ ቀደድሽው?" አሉ ጋሽ ወርቁ።

"አንተ ጎማ ስትቀይር።"

"አንድ ቀን እንኳ ሳትነግሪኝ?"

"የመንግሥት ንብረት ቀደድኩ ልበልህ? ያኔ ሹፌር እንጂ ባሌ አልነበርክም። ብታመለክትብኝስ?"

"ከተጋባን በኋላስ?"

"ከዚያማ እኔም ረሳሁት። መኪናዋ የምትስማማኝ እየመሰለኝ ኖርኩ።"

አለቃችን አዲሱን ሸራ ከላይ እስከ ታች አየና በረጅሙ ተነፈሰ። "በይ ቅደጂው" አለኝ።

በአሮጌው ልክ ጠመኔ ላደርግ ስል እጄ ቆመ። እትዬ ትርንጎን እንደገና እንዲገቡ ለመንኳቸው። ሲቀመጡ የድሮው መስኮት ቦታ ከራሳቸው በላይ ሆነ። ያኔ ቀጥ ብለው ይቀመጡ ነበር፤ አሁን ጀርባቸው ጎብጧል። እዚያ ብቀደው ንፋሱ ከነጠላቸው በላይ አልፎ ይሄድ ነበር። ጉንጫቸውን ሸራው ላይ አስደግፈው እንዲቆዩልኝ ነገርኳቸው። ከውጭ በመዳፌ ፈልጌ አገኘኋቸው፤ እዚያ ላይ ምልክት አደረግሁ። ከዚያ ቀድጄ፣ ጠርዙን አጥፌ፣ ክዳን ሰፋሁላት። በዚያው ቀን ግቢውን ደጋግመው ዞሩ። አላስመለሳቸውም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ አምደወርቅ ሲነሱ በር ላይ ቆሜ ሸኘኋቸው። በመስኮቷ የታየኝ ጉንጭና የነጠላ ጠርዝ ብቻ ነው። የሞተሩ ድምፅ ከዳገቱ ማዶ እስኪጠፋ ቆምኩ። የእኔም እናት የምትኖረው በዚያው መንገድ፣ ከአምደወርቅ ወዲያ ነው። ልጠይቃት ከሄድኩ ቆይቻለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ መርፌ ላይ ክር ሳስገባ እንኳ ጆሮዬ መንገዱ ላይ ነው።

ለሁለታችሁ የምነግራችሁ ይህን ነው። አሮጌ ሸራ የሚሰጣችሁ የድሮውን ሰው ልክ ነው። መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት ዛሬ የሚቀመጠውን ሰው አስቀምጣችሁ ለኩ።

ጋሽ ወርቁ ብቻቸውን ነው የተመለሱት። እትዬ ትርንጎ እህታቸውን ሳላስታምም አልመጣም ብለው እዚያው ቀርተዋል። የኋላው ወንበር በመስኮቷ የገባ አቧራ ለብሷል።

"ጋሼ፣ እስኪመጡ ድረስ ይቺን ብንደፍናትስ? ወንበሩ ተበላሸ እኮ" አለ አለቃችን። እኔም መርፌና ክር ይዤ ቀረብኩ።

ጋሽ ወርቁ ክዳኗን በጣታቸው ከፍ አድርገው ባዶውን ወንበር ጥቂት አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ተዪያት ልጄ፤ ስትመጣ ንፋሷን ትፈልጋለች።"