ቁልቁል የቆመችው እናቴ

ይህ የሆነው ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ከሄደ በኋላ፣ የታላቅ ወንድሜ የተሰማ ሙት ዓመት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው። ቅኔ ቤት ገብቼ ጥቂት ተምሬአለሁ፤ ይህን ስጽፍ ግን እጄ ይከብደኛል። ከአእምሮዬ ያልጠፋው፣ ወንድሜን በቀበርኩ በዓመቱ እናቴንም ዓይኔ እያየ የማጣት ስለመሰለኝ ነው።

ተሰማ እጁ አያርፍም ነበር። ከገደሉ የሚወጡት ዝንጀሮዎች ገብሳችንን ሲጨርሱብን፣ በእርሻው ጠርዝ ላይ ጭራቅ አቆመ። እናታችን በተረት ታስፈራራን የነበረውን ያን ሰው በላ ማለቴ ነው። አጥንቱ የጥድ ግንድ፣ ሥጋው ጭቃና ገለባ፣ ራሱ የተሰነጠቀ ጋን፣ ጥርሱ ነጭ ድንጋይ። ቁመቱ የቤታችንን ሁለት እጥፍ ያህላል። ብቻውን እንዳይሆን ብሎ ሚስቱንም ሠራለት።

ዝንጀሮዎቹ አንድ ሰሞን ሸሹ። ኋላ ግን ትከሻው ላይ ወጥተው ቅማል ይለቃቀሙ ጀመር። ጎረቤቶቻችን ተሰማ ለዝንጀሮ መቀመጫ ሠራላት እያሉ ቀለዱበት። እሱም አብሮ ይስቅ ነበር።

ከዚያ ገብስ ጭኖ ወደ አሊዩ አምባ ገበያ ወረደ፤ ንዳድ ይዞት ተመለሰ። አልተነሣም። በለቅሶው ላይ ጋሻውን ገልብጠው ያዙት፤ ጦሩን ጫፉን ወደ መሬት ዘቅዝቄ የዞርኩት እኔ ነኝ። በእኛ ዘንድ ለሞተ ሰው እንዲህ ነው። ቆሞ የነበረው ይዘቀዘቃል።

አንድ ጠዋት አንድ ፈረንጅ ትልቅ ሣጥን በበቅሎ አስጭኖ መጣ። የሚያስተረጉምለት ኑሩ የሚባል የአሊዩ አምባ ነጋዴ ነበር። ፈረንጁ ጭራቆቹን ከሩቅ አይቶ መንገዱን ትቶ ነው የመጣው። ምስላቸውን በሣጥኑ ሊያነሣ ፈለገ። ግዝፈታቸው እንዲታወቅም ከሥራቸው ሰው እንዲቆም ጠየቀ። ጎረቤቶች ጥላችንን ይወስድብናል ብለው ራቁ። እናቴ ግን ከሏን አስተካክላ ወደ ጭራቁ ሄደች። ከል ስል የሐዘን ልብሷን ነው፤ ጥቁር አስነክራው ነበር።

“የልጄ የእጁ ሥራ ነው፤ ከእግሩ ሥር ልቁምለት” አለች።

ኑሩ ፊቴን አይቶ ሳቀብኝ። “እኔን ዘይላ ላይ አንሥቶኛል። ወላሂ፣ ይኸው ሆዴ እንኳ አልጎደለም” አለኝ። ፈረንጁም ፍርሃቴ እንዲለቀኝ ብሎ ይሆናል፣ ከሣጥኑ በስተኋላ ያለውን ጥቁር ጨርቅ ገልጦ እንድመለከት ጠራኝ።

ራሴን አስገባሁ። መጀመሪያ ጨለማ ብቻ ነበር። ቀጥሎ አንድ መስተዋት በራ። ጭራቁን አየሁት፤ ራሱ ወደ ታች ነው። እናቴም ከእሱ ጋር ተዘቅዝቃለች። እግሮቿ ወደ ሰማይ፣ ራሷ ወደ መሬት። ከገደሉ ሥር ይወጣ የነበረው ጉም ከላይ ወደ እሷ ይወርዳል። ልክ እንደ ተሰማ ጦር ነበረች።

ከጨርቁ ስወጣ ቀጥ ብላ ቆማለች። ይህ ግን አላጽናናኝም። ሊመጣ ያለውን ያየሁ መሰለኝ። ፈረንጁ አንድ ጠፍጣፋ ነገር ሣጥኑ ውስጥ ከተተ። ኑሩ ሣጥኑ የተነቃነቀን አይዝም ብሎ ማንም እንዳይነቃነቅ አዘዘ። ፈረንጁ የሣጥኑን ዓይን ሲከፍተው ግን እግሬ ብቻውን ሮጠ።

እናቴን በክንዷ ይዤ ጎተትኳት። ሁለታችንም ገብሱ ውስጥ ወደቅን።

“ምን ሆንክ ልጄ?”

“እዚያ አትቁሚ እምዬ። ተዘቅዝቀሻል።”

ነገሩ ገባት መሰለኝ፣ አልተቆጣችኝም። ራሴን ደረቷ ላይ ያዘችው። የተቆጣው ፈረንጁ ነው። ኑሩ ሣጥኑ ተራራውንም በቅሎውንም፣ ሁሉንም እንደሚዘቀዝቅ አስረዳኝ። አላመንኩትም። ከዚያ በኋላ እናቴ ባሳለች ቁጥር ጠጋ ብዬ አያት ነበር። ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ሳይቀር እከተላት ነበር።

ክረምቱ ጭራቆቹን አፈረሳቸው። ጋኑ ተንከባልሎ ገደል ገባ። በበጋው ኑሩ ፈረንጁ የላከውን ምስል በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣልን። ጭራቁና ሚስቱ ጥርሳቸው ሳይቀር ጥርት ብለው ቆመዋል። እናቴ በነበረችበት ቦታ ግን ጭስ የመሰለ ነገር ብቻ ነው ያለው። እኔ ደግሞ ከነጭራሹ የለሁም።

እናቴ ወረቀቱን ተቀብላኝ ጭራቁን ብዙ አየችው።

“እሱ ቆሟል፤ የሄድነው እኛ ነን” አለች።

እናቴ ዛሬም አለች። ኑሩ እውነቱን እንደነገረኝ አሁን ገብቶኛል። የእሷ ምስል ሳይኖረኝ መቅረቱም አንዳንዴ ይቆጨኛል። ያ ቀን ተመልሶ ቢመጣ ግን፣ ይህን ሁሉ እያወቅሁም ቢሆን፣ የምሮጥ ይመስለኛል።