አኮርዲዮኑ የተሰረዘበት የሕይወት ታሪክ

ጡረታ ወጥተሃል ይሉኛል፤ የት ወጣሁ! አሁንም ለአንድ መጽሔት ጽሑፍ አርማለሁ። ከዚያ የሚተርፈኝን ጊዜ ደግሞ የሞቱ ጎረቤቶቼ ወስደውታል። ቀጨኔ ውስጥ ሰው ሲሞት ድንኳኑ ሳይተከል "ጋዜጠኛው አለ?" ተብሎ በሬ ይንኳኳል። ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ጻፍልን ነው። እሺ እላለሁ፤ ለሐዘንተኛ እምቢ አይባልም።

የሚያናድደኝ ይዘውልኝ የሚመጡት ረቂቅ ነው። ሟች ሁሉ "ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ" ትምህርት ቤት ይገባል። ሟች ሁሉ "ሰው አክባሪ፣ እንግዳ ተቀባይና ለተቸገረ ደራሽ" ነው። እዚህ ሰፈር ስንት ነገረኛ፣ ስንት ንፉግ አብሮን ኖሯል! እነሱ የት ነው የሚቀበሩት? ሸማኔውንም ነጋዴውንም በአንድ ወረቀት፣ ስም ብቻ እየቀየሩ ይሸኙታል። እኔ ከዚያ ሁሉ ገለባ ውስጥ ሰውየውን መፈለግ አለብኝ። አንዲት ሸክላ ሠሪ ጎረቤታችን ስትሞት፣ ድስት ልትሸጥ ስትል ገዢውን "እኔን አትመነኝ፣ አንኳኳው" ትለው እንደነበር ጽፌ ነበር። ለቀስተኛው እያለቀሰ ሳቀ። አወቋታ!

በቀደም የሞተው ግን አጥር የምንጋራው ሰው ነው። አኮርዲዮን ተጫዋች ነበር፤ ዕድሜውን በየሆቴሉና በየምሽት ክበቡ የጨረሰ። እኔ ከቆርቆሮው ወዲህ እጽፋለሁ፣ እሱ ከቆርቆሮው ወዲያ ይለማመዳል። መጀመሪያ ላይ ድምፁ አእምሮዬን ይበጠብጠው ነበር፤ በኋላ እሱ ዝም ያለ ቀን መጻፍ አቃተኝ። የጻፍኩትን ጮክ ብዬ የማንበብ ልማድ አለኝና፣ አንድ ቀን በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ "ቆይ፣ ቆይ! እዚህ ጋ ትንፋሽ አጠረህ" አለኝ። "ይሄ ዕቃ እንኳ ሳይተነፍስ አይጮህም፤ አንተ ምን ሆነህ ነው?" ተናደድኩ። ደግሜ ሳነበው ግን እውነቱን ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ከአንድ ሰው ሳንባ በላይ ነበር። ምን መቁረጥ እንዳለብኝ አለቆቼ አስተምረውኛል። የት ማረፍ እንዳለብኝ ያስተማረኝ እሱ ነው።

ስለዚህ የእሱን ታሪክ ስጽፍ እጄ አልሰነፈም። አኮርዲዮኑን እንዴት እንደ ሕፃን ታቅፎ ዳገቱን እንደሚወጣ ጻፍኩ። ዐቢይ ጾም ሲገባ በጋቢ ጠቅልሎ አልጋ ሥር እንደሚያስገባው፣ እስከ ፋሲካም እንደማይነካው ጻፍኩ። ወንድ ልጁ በቴሌግራም ይላኩልኝ ስላለ ላክሁለት።

ልጁ ጥሩ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ ክራባት ከአንገቱ የማይለይ ጎልማሳ ነው። አሳትሞ ይዞት መጣ።

"ጋሼ፣ እጅግ ቆንጆ ነው። ትንሽ ብቻ አስተካከልኩት።"

"አስተካከልኩት" ከሚል ሰው ይሰውራችሁ። ወረቀቱን አየሁት። አኮርዲዮን የምትል ቃል የለችም። በምትኩ "በተለያዩ ድርጅቶች በትጋትና በቅንነት አገልግለዋል" ይላል። ጾሙም፣ ጋቢውም፣ ዳገቱም ጠፍተዋል። ሰው አክባሪና እንግዳ ተቀባይ ግን ተመልሰው ገብተዋል።

"አኮርዲዮኑስ?" አልኩት።

"እ... ማለቴ፣ ጋሼ፣ ካህናቱ ፊት የመሸታ ቤት ወሬ ይነሳል? አለቆቼም ይመጣሉ፣ የባለቤቴም ዘመዶች አሉ። የአዝማሪ ልጅ ነው እንዲሉኝ ነው?"

ደሜ ፈላ። "ቢሉህስ? ደብተር የገዛልህ፣ ዩኒፎርም ያሰፋልህ ያ አኮርዲዮን አይደለም? መዝሙሩን ጠዋት ማታ የምትደግመው ንጉሥስ በገና ይደረድር አልነበረም?"

"እርስዎ ያሉት ሁሉ ልክ ነው ጋሼ። ግን በቃ፣ አባቴ ነው።"

አባቱ ነው። እኔ የአጥር ጎረቤት ነኝ። እንግዲያው አንባቢ ፈልግ፣ እኔ ይህን በአፌ አላነብም ብዬው ተለያየን። እሱ ከወጣ በኋላ ግን ለብቻዬ ስጮህ ቆየሁ። ስንት ዘመን የሰው ጽሑፍ ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መቁረጥ አልጠላም። ማረም ስብ ማንሳት ነው። ይሄ ልጅ ግን አጥንቱን አውጥቶ ስቡን ሰጠን፤ እሱንም ሥጋ ነው ብላችሁ ብሉ አለን።

በማግስቱ ቀብሩ ሆነ። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በለቀስተኛ ተጨናንቆ ነበር፤ አንዱ አስከሬን ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ በድምፅ ማጉያው የሚነበበውን ካልሰማህ የማን ቀብር ላይ እንደቆምክ አታውቅም። የእኛን የዕድሩ ጸሐፊ አነበበው። የመታወቂያ ስሙ ከነአያቱ ተጠራ፤ ያን ስም ከቤተሰቡ በቀር የሚያውቀው አልነበረም፤ ሰው ሁሉ የሚጠራው መድረክ ላይ በወጣለት ቅጽል ስም ነበር። ትጋትና ቅንነት ተነበቡ። ጥርሴን ነክሼ ሰማሁ። አፈር ለበሰ።

ስወጣ፣ ከሕዝቡ ራቅ ብሎ ጽድ ዛፉ ሥር ባለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ሽማግሌዎች ተደርድረው አየሁ። ኮታቸው ያረጀ ግን የተተኮሰ፣ ጫማቸው የተወለወለ። አንደኛው በከዘራው ጠቀሰኝ።

"ወንድም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቀብሩ ዘገየ እንዴ?" አለና ያን ቅጽል ስም ጠራልኝ። "የአኮርዲዮኑ ሰውዬ። አብረነው ስንጫወት የኖርን ነን። ከጳውሎስ ታክሲ ይዘን ማልደን ነው የመጣነው። እስካሁን ያነበቡት ሁሉ የሌላ ሰው ሆነብን።"

ንዴቴ መጣ። ማነው ይህን የሚነግራቸው? እኔ አልነግርም! ሄጄ ልጁን ከአለቆቹ መሀል ክንዱን ይዤ አወጣሁትና ፊታቸው አቆምኩት። "ልጁ ይህ ነው" አልኳቸው። "እሱ ይነግራችኋል።"

ልጁ መሆኑን ሲሰሙ ሁሉም በየከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። ያ የጠየቀኝ ሽማግሌ አቀፈው፤ ግንባሩን ሳመው፤ ጎኑ ቦታ ለቆ አስቀመጠው።

"አይዞህ ልጄ" አለው። "እስኪያመጡት አብረንህ እንጠብቃለን።"