የተመለሰችው ፍራሽ

የሰፈሩን ፍራሽ ሰሪ «አባ ልስልስ» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ እሱም ቅር አይለውም፤ እንዲያውም ሲጠሩት ደረቱን ነፋ ያደርጋል። እሱ ያባዘተው ጥጥ ላይ ጋደም ያለ ሰው የመጣበትን ጉዳይ ይረሳል። ከሱቁ ወጥቶ የተመለሰበት ፍራሽ የለም፤ ይህንንም ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ይናገራል።

የመጀመሪያ የልጅ ልጁ ስትወለድ ታዲያ ሥራውን ሁሉ ጣጥሎ አንዲት ትንሽ ፍራሽ ሰፋ። እጅ ሲያርፍባት ስምጥ የምትል፣ ከነትራሷ። ተሸክሟት አራሷ ልጁ ቤት ሲደርስ ሚስቱ ሕፃኗን በሆዷ ልታስተኛት ስታመቻች አገኛት። ልጆቿን ሁሉ ያሳደገችው እንደዚያ ነው፤ በጀርባዋ ተኝታ ካስመለሳት ትን ይላታል ባይ ናት።

አራሷ ሕፃኗን ከእናቷ ተቀብላ በጀርባዋ አጋደመቻት። ሐኪሞቹ የነገሯትንም ረጋ ብላ አስረዳቻቸው። በጀርባዋ፣ ጠጠር ያለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ ነው የምትተኛው። ፊቷ ለስላሳ ነገር ውስጥ ከተቀበረ ትታፈናለች፤ ዞር ለማለት ገና አቅም የላትም። ቢያስመልሳት እንኳ በጀርባዋ በመተኛቷ ትን አይላትም።

«አንቺን በሆድሽ አስተኝቼ አይደል ያሳደግኩሽ?» አለች እናት፣ ፊቷ ተለዋውጦ።

«እኔስ ተርፌያለሁ እማዬ። እሷን ግን፣ እንደኔ ትተርፍ ይሆናል ብዬ አልሞክርባትም።» ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ ይቺን ውሰዳትና ጠጠር አድርገህ ሥራልኝ።»

አባ ልስልስ ክው አለ። ፍራሿን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ሰው እንዳያየው በጓሮ ዞሮ ሱቁ ገባ። ስፌቱን እየተረተረ ሳለ ግን ይህችው ልጁ ትንሽ ሆና የእናቷን ቁጣ ሽሽት እዚሁ ጥጥ ክምር ውስጥ ስትደበቅ ትዝ አለችው። ዛሬ ለልጇ ስትል ሁለቱንም ፊት ለፊት እምቢ አለች። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

ጥጡን ጠቅጥቆ ሰፋው። መዳፉን ጫን አድርጎ አነሣ፤ ምልክቱ ታትሞ ቀረ። ፈታው፣ እንደገና ጠቀጠቀ። ምልክቱ እስኪጠፋ ድረስ አልለቀቀውም።

አንድ ደንበኛ ፍራሿን ነካ አድርጎ፣ «ይቺማ ሳንቃ ናት፤ እጅህ ከዳህ እንዴ?» ሲል ተሳለቀበት።

አባ ልስልስ ደረቱን ነፋ።

«በዕድሜዬ የተመለሰችብኝ ፍራሽ ይቺ ብቻ ናት» አለው። «የመለሰቻትም ልጄ ናት።»