ሦስተኛው ብረት

ሰፈሩ «አባባ ብየዳ» የሚላቸው ጡረተኛ፣ እጃቸው እንጂ አፋቸው አይናገርም ይባልላቸዋል። አንድ ቀን ልጃቸው እየጎተተች ወደ አንድ የሥነ ጥበብ ኤግዚቢሽን ወሰደቻቸው። አዳራሹን ሲያዩት ግን ክው አሉ። ድሮ የዱቄት መጋዘን ነበር፤ ጣሪያውን የተሸከሙትን ብረቶች የበየዱት እሳቸው ናቸው።

አሁን ከዚያ ጣሪያ ላይ ሦስት መቶ ድንጋይ በሽቦ ተንጠልጥሏል። ተመልካቹ ከድንጋዮቹ ሥር በጀርባው ይተኛል፤ ከዚያ ተነሥቶ የተሰማውን መዝገብ ላይ ይጽፋል። የአባባ ብየዳ ዓይን ሦስተኛው ብረት ላይ ቀረ። ያን ጊዜ አለቃቸው ሲያጣድፋቸው ለይስሙላ ነካክተው ያለፉት እሱን ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለማንም አላወሩትም። ዛሬም አፋቸው እምቢ ሲላቸው እስክሪብቶውን አነሡ።

«ሦስተኛውን ብረት አበላሽቼ የበየድኩት እኔ ነኝ። ይሄን ሁሉ ድንጋይ አይሸከምም። ሰዉን አስወጡ።»

አስጎብኚዋ ጮክ ብላ አነበበችው። አንዲት ሴትዮ እንባዋን ጠረገች።

«ዛሬ ከተጻፈው ሁሉ ልብ የሚነካው ይሄ ነው» አለች አስጎብኚዋ።

ሰዉ እያንጋጠጠ ብረት ቆጠረና ከሦስተኛው ሥር ቦታ ቦታውን ያዘ።

«የምሬን ነው፣ ውጡ» አሉ አባባ ብየዳ በሩን እያመለከቱ።

ተጨበጨበላቸው።

ልጃቸው በአባቷ ኮርታ ከሁሉም ቀድማ ተጋድማለች። ነጭ ሻርፗ ላይ የዝገት ፍርፋሪ ወረደ። እፍ ብላ አራገፈችውና አጠገቧ ያለውን ቦታ በእጇ መታ መታ አደረገች።

«ና እንጂ አባዬ፣ ቦታ ይዤልሃለሁ።»