ሼሁ ያበሉት በቆሎ

ባለፈው መስከረም ከአጣዬ ስመለስ አውቶቡሳችን ሸዋ ሮቢት ላይ ቆመና አንዲት ሴት የተቀቀለ በቆሎ የሞላበት ሳፋ በራሷ ተሸክማ እስከ መስኮቴ መጣች። ሙቀቱ እንደ ልማዱ ፊት ይጠብሳል። ስኳር አለብሽ ተብዬ ሐኪም የከለከለኝን ሁለት ራስ በቆሎ ገዝቼ ጭኔ ላይ እንዳስቀመጥኩ፣ ገና ሳልቀምሰው ሽታው ብቻ ይዞኝ ቀወት፣ አባዬ ግቢ አደረሰኝ።

የአባዬ ግቢ ከከተማው በእግር አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ከማሽላ እርሻው፣ ከሁለት በሬዎቹና ከእኔ ሌላ ሀብቱ አንድ ኪታብ፣ የእጅ ጽሑፍ መጽሐፍ፣ ነበር፤ ከአያት ከቅድመ አያቱ የወረደ፣ በፍየል ቆዳ የተጠቀለለ፣ ፊደሉ ዐረብኛ ቋንቋው ግን የእኛው አማርኛ የሆነ፣ አገራችንን ሃይማኖት ያስተማሩ የአንድ ደግ ሼህ ታሪክ ያለበት ኪታብ። በየዓመቱ የማሽላው አጨዳ ሲያልቅ ጎረቤቱን ሁሉ ለሶደቃ ይጠራና በዚያ ጎርናና ድምፁ ያነብላቸዋል። ሼሁ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት፣ በክፉ ቀን፣ ከአንዲት ጎታ በቆሎ እየዘገኑ የአገሩን ሰው ሁሉ ሲያበሉ ጎታዋ አልጎደለችም ይላል። ለዚህ መታሰቢያ እኛም የበቆሎ ንፍሮ እንቀቅላለን፤ ሴቶቹ ጨው አነሰው፣ የለም በዛበት እያሉ ሲከራከሩ ንፍሮው ይገነፍላል፣ ክርክሩ ግን አያልቅም።

ንፍሮውን የማድለው እኔ ነበርኩ፤ ይህንን ለማንም አልሰጥም። ኪታቡ መጨረሻው ላይ “በዚህ ቀን የተራበን በእጁ ያበላ፣ በአኺራ፣ በሚመጣው ዓለም፣ ከሚወደው ሰው ጋር ይገናኛል” ይላል። እናቴ እኔን ወልዳ አራስ ቤት ነው የሞተችው። ስለዚህ መዳፌ እስኪላጥ ትኩሱን ንፍሮ እየዘገንኩ፣ የጠገበውን ሰው ሁሉ ጨምር እያልኩ አስቸግር ነበር።

ደርግ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ባወጀ ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከከተማ የመጣው ወጣት አስተማሪያችን ጓድ በሉኝ ቢል፣ ሽማግሌዎቹ ጓድ ልጄ እያሉ ይጠሩት ጀመር፤ እሱም ተሸነፈ። ግራር ሥር ቁጭ ብለን ፊደል ስንቆጥር፣ እኔ ግን ምን እንደያዘኝ እንጃ፣ በሦስት ወር ውስጥ የሳሙና መጠቅለያ ሳይቀር ያገኘሁትን ሁሉ የማነብ ሆንኩ። ትጋቴን አይቶ ስለ ሰብል የሚናገር ቀጭን መጽሐፍ ሰጠኝ። እዚያ ውስጥ ነው በቆሎ ከውቅያኖስ ማዶ እንደመጣና አገራችን ከደረሰ ጥቂት መቶ ዓመት ብቻ እንደሆነው ያነበብኩት። በጣቴ ቆጠርኩ፤ ደግሜ ቆጠርኩ። ሼሁ አበሉ በተባለበት ዘመን በምድራችን አንዲት ፍሬ በቆሎ አልነበረችም።

ዛሬ ሳስበው ፈገግ እላለሁ፤ ያኔ ግን ሌሊቱን ይህንኑ ሳሰላ አነጋሁ። በቆሎው ውሸት ከሆነ ሼሁም ውሸት ናቸው፣ ሼሁ ውሸት ከሆኑ እናቴ የትም ቦታ አትጠብቀኝም። አስተማሪዬን ብጠይቀው ሳቅ ብሎ “ተረት ነው” አለኝ፤ ፊቴን ሲያይ ደንገጥ ብሎ “ጥሩ ተረት ነው” ሲል ጨመረበት። ደግ ልጅ ነበር፤ ጥሩ የምትለው ቃል ግን ምንም አልጠቀመችኝም።

አንድ ቀን ማሽላው መሀል ማማው ላይ ተቀምጠን ወፍ ስንጠብቅ ለአባዬ ነገርኩት።

“ማነው ያለው?” አለኝ።

“መጽሐፍ።”

“የእኔስ መጽሐፍ አይደል?” ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወፎቹ ማሽላውን ሲለቅሙት እያየ ወንጭፉን አላነሳም። በመጨረሻ “እኔም ልጅ ሆኜ እንዲህ ያለ ነገር ጠይቄ በጥፊ ተመትቻለሁ” አለና ራሴን ዳበስ አድርጎኝ ወረደ።

ሶደቃው ደረሰ። አባዬ እያነበበ መጥቶ፣ መጥቶ፣ ከጎታዋ ላይ ሲደርስ ቆመ። ዓይናቸው የጠፋ፣ ኪታቡን ግን በቃላቸው የሚያውቁ እትዬ ረውዳ የሚባሉ ጎረቤታችን ከጥግ ሆነው “ምነው ሰኢድ፣ ሼሁን ጎታው ጋ ገትረሃቸው ልትቀር ነው? ያብሉን እንጂ!” ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ።

አባዬ አልሳቀም። “ልጄ በዚያ ዘመን በቆሎ አልነበረም ትላለች” አለ። ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ተመኘሁ።

“ታዲያ ምን አበሏቸው?”

“አላውቅም፣ እትዬ።”

“እኔም አላውቅ። የጻፈው ሰው እሱ ራሱ ሲርበው የበላውን ጽፎት እንደሆነስ? የተራበ ሰው በልቷል አይደል? በል ቀጥል፣ ንፍሮው ቀዘቀዘ!”

አባዬ ጉሮሮውን ጠራረገና ቀጠለ፤ በቆሎ የሚለውን በቆሎ ብሎ፣ እንደተጻፈው አነበበው። እኔም አደልኩ፤ እጄ ግን እንደ ድሮው አልፈጠነም።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ድስቱን አብረን ስናጥብ “እናቴስ?” አልኩት። ሌላ ምንም አላልኩም፤ ገባው። አመዱን ከእጁ አራገፈ።

“እሱንም አላውቅም፣ ዘይነብ። እኔ ባላገኛትስ እያልኩ አላስብም፤ ሳገኛት ምን እላታለሁ እያልኩ ነው የማስበው።”

ከእርሱ ጋር ይህንን ነገር ዳግመኛ አላነሳንም፤ አለማንሳታችን ዛሬ ይቆጨኛል። አባዬ አረፈ። ኪታቡን ምስጥ በላው፣ እትዬ ረውዳም በቃላቸው የያዙትን ይዘው ሄዱ፣ ግቢያችን ላይ አሁን የሌላ ሰው ሽንኩርት ይበቅላል። እኔ ከዚያ ወዲህ ስንቱን መጽሐፍ አንብቤ፣ አስተማሪዬ የሰጠኝ መጽሐፍ ስለ በቆሎው እውነቱን እንደነገረኝ በየቦታው አረጋግጫለሁ። ሶደቃውን ግን በቤቴ አላስታጎልኩም፤ ለልጆቼ የሼሁን ታሪክ ከነጥርጣሬዬ እነግራቸዋለሁ፣ አንዳንዱ ያምናል፣ አንዳንዱ ንፍሮውን ብቻ ይበላል። ያንን ጎርናና ድምፅ ግን ከየት አምጥቼ ላሰማቸው?

ለእናቴ የምላትን ማዘጋጀት የጀመርኩት ድስቱን ባጠብንበት ቀን ነው፤ ይኸው አርጅቼም አልጨረስኩትም። ብዙ ነገር ይጨመራል፣ ብዙው ይሰረዛል። መጀመሪያው ግን ተለውጦ አያውቅም። እሷ የሞተችው በተወለድኩ በስድስተኛው ቀን ነው፣ ለእኔ ስም የወጣልኝ ደግሞ በሰባተኛው። ስለዚህ ስሜን ነው የምነግራት።