ጫፍ የሌለው ሜትር

በሰፈሩ ጋሽ አሥሬ ይሉታል። ስሙ አይደለም። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የምትለዋን አባባል እንደ ጸሎት ጠዋት ማታ ስለሚደግማት የወጣለት ቅጽል ነው። አርባ ዓመት አናጢ ሆኖ ሲሠራ አንድም በር አላጠበበም፣ አንድም መደርደሪያ አላሳጠረም ይባላል። ሚስቱ ግን ይህን ስትሰማ ፊቷን ዞር አድርጋ ትስቃለች። ሰው ሳያይ ምድጃ ውስጥ የገቡትን ጣውላዎች የምታውቀው እሷ ናት።

እሷ ልብስ ሰፊ ናት። በአሥራ ስድስት ዓመቷ አክስቷ ቤት ከስፌት መኪና ፊት ተቀምጣ እስካሁን አልተነሳችም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የእሷ መስፊያ ክፍልና የባሏ መሥሪያ ክፍል ጓሮ ውስጥ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የተጨቃጨቁትም በዚያ ግድግዳ በኩል ነው። እሷ «ሰጋቱራህ ነጭ ቀሚስ ላይ እየበነነ ነው!» ትላለች፤ እሱ «መስኮትሽን ዝጊዋ!» ይላል። ምሳ ቀርቧል ለማለት ካልሆነ በቀር የእሱን ክፍል ረግጣ አታውቅም።

አምና አሥሬን ስትሮክ መታው። እግሩ ተመለሰ፣ አፉም ተመለሰ፤ ቀኝ እጁ ግን ባዶ እጅጌ ይመስል ተንጠልጥሎ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መሥሪያ ክፍሉ በር ላይ በርጩማ አውጥቶ ይቀመጣል፤ መጋዙን፣ መላጊያውን፣ በልክ በልኩ የተሰቀሉትን መሮዎች ሲያይ ይውላል። ሊጠይቀው የመጣ ሁሉ «ዋናው ጤና ነው» ይለዋል። እሱም ራሱን ይነቀንቃል።

አንዲት ልጅ አለቻቸው። ስታገባ «የምግብ ጠረጴዛሽ ከእኔ ነው» ብሏት ነበር፤ ይሄ እንግዲህ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው። በዚያው ሳምንት የዋንዛ ጣውላና ለእግሮቹ የሚሆን አንድ ወፍራም እንጨት ገዛ። አየር እንዲገባው በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባ ደረደረው፤ ይድረቅ አለ። ደረቀ። ግን የሰው ሥራ እየቀደመ፣ ዛሬ ነገ ሲባል፣ ልጅቱ ሁለት ልጆች ወልዳ በፕላስቲክ ጠረጴዛ ላይ አሳደገቻቸው።

አንድ እሁድ ስልክ ደወለች። «አባዬ፣ አንተ በጠረጴዛው እንዳትጨነቅ። ሱቅ ውስጥ አንድ ደህና አይቻለሁ፤ የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ልገዛው ነው» አለችው። በቅንነት ነው፤ ሸክም ላቅልለት ብላ ነው።

«እሺ ልጄ» አለ።

ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ያንን እሺ ሰማችው። የዚህ ሰው እሺ ሁልጊዜ ጅራት አለው፤ «እሺ፣ ግን…» ሳይል አያልፍም። ይሄኛው ጅራት አልነበረውም። ስልኩን አስቀምጦም «መሣሪያዎቹን ለሚጠቅመው ሰው ስጪያቸው» አላት። ፈራች። ጠረጴዛው ከሱቅ ከመጣ ይሄ ሰው ከዚያ በርጩማ ዳግመኛ አይነሳም ብላ አሰበች።

በማግስቱ ሽርጧን አስራ መሥሪያ ክፍሉ ገባች። «ተነስ። አፉ አንተ፣ እጁ እኔ» አለችው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቀልድ አይደለም። ጨርቅ ቢሳሳቱበት ተፈትቶ ይሰፋል። እንጨት አንዴ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው።»

«ሠላሳ አራት ዓመት ከእንጨት ጋር ኖሬ የለ? እለምደዋለሁ።»

ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱ ታየ።

መጀመሪያ በቁርጥራጭ አለማመዳት። «እርሳስ ወፍራም ነው፣ ይዋሻል፤ በቢላ ጫፍ ጭረሽ ምልክት አድርጊ። መጋዙን መስመሩ ላይ አትሂጂበት፤ በሚጣለው በኩል አስጠግተሽ ሂጂ፤ መጋዝም የሚበላው አለው። መጋዝ አትጨቁኚ፣ እሱ ራሱ ይወርዳል። ብሎን እምቢ ሲልሽ ሳሙና ላይ አሺውና አስገቢው።» መላጊያውን ስትገፋ እንጨቱ ሲቦጨቅባት ደግሞ «ወደ ተኛበት አቅጣጫ ነው!» ብሎ ጮኸ። በእጇ ዳሰስ አድርጋ «አሃ፣ እንደ ከፋይ ጨርቅ ነው፤ ፀጉሩ የሚተኛበት አለው» አለች። አሥሬ ከፋይ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ከዚያ በኋላ ግን አንዴም አልተሳሳተችም።

አንድ አመል ብቻ አልለቅ አላት። የሚቆረጥ ነገር ሁሉ ላይ ለቅምቅማት፣ ጫፍ ለማጠፊያ የሚሆን አራት ሳንቲ ሜትር ትተዋለች። እሱ እንጨት አይቀመቀምም እያለ ይቆጣታል። እሷ እሺ ትላለች፤ ልቧ ግን አያምንም። አርባ ዓመት ጫፍ ስታጥፍ የኖረች ሴት ያለ ትርፍ መቁረጥ ራቁቷን አደባባይ የመውጣት ያህል ያሳፍራታል።

የእግሮቹ ቀን ደረሰ። ወፍራሙ እንጨት አንድ ነው፤ ተሰንጥቆ አራት እግር ይወጣዋል፣ ትራፊ የለውም። «ሰባ ሁለት» አለ አሥሬ ከበርጩማው። ሰፊዋ ምስማር ላይ የተሰቀለውን አሮጌ ሜትር አወረደች። ጫፉ ላይ መንጠቆው የለም፣ የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮችም ተፍቀው ጠፍተዋል። ዕድሜ ነው ብላ አለፈችው። ጫፉን ከእንጨቱ ዳር ገጥማ ሰባ ሁለትን ፈለገች፤ ባሏ ወደ ውጭ ሲያይ ጠብቃ አራት ሳንቲም ሰረቀችና ሰባ ስድስት ላይ ጫረች። አሥር ጊዜ ለካች። እውነት ነው፣ ቆጥራዋለች። ከዚያ ቆረጠች።

አራቱን እግሮች አሰልፋ ስታቆማቸው አሥሬ በዓይኑ ለካቸው።

«ስንት ነው የቆረጥሽው?»

«ሰባ ስድስት። ይቅርታ፣ ትንሽ ትርፍ…»

«ይሄ ሰባ ስድስት አይደለም» አለ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር። በግራ እጁ ሜትሩን ስጪኝ አላት፤ ሰጠችው። ጫፉን በአውራ ጣቱ ሲዳስስ ፊቱ ጠቆረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት በር ተዘግቶበት የሜትሩ ጫፍ ተጨረማመተ። አሥሬም በቆርቆሮ መቀስ አሥረኛው ሳንቲም ላይ ቆርጦ ጣለው። ሜትሩ የሚጀምረው ከአሥር ነው ማለት ነው። ሰባ ሁለት ሲፈልግ ሰማንያ ሁለት ላይ ይጭራል፤ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ሳያስብ እንደዚያ ሲያደርግ ኖሯል። አዲስ ግዛ ሲሉት «ለምጄዋለሁ» ይላል። አሁን እግሩ ስድሳ ስድስት ሆኗል፤ ስድስት ሳንቲም አጥሯል። የእሷ ትርፍ ባይኖር አሥር ያጥር ነበር።

«አልነገርኩሽም» አለ። «እንዴት አልነገርኩሽም? ጭንቅላቴም ሄዷል ማለት ነው።» ዓይኑ እንባ ሞላ። «ለልጅቷ ደውይላት። ከሱቅ ትግዛ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሰፊዋም ተስፋ ቆረጠች። የተቆረጡትን እግሮች አየች፣ ባሏን አየች፣ ሜትሩን አየች። ድንገት ግን ከየት እንደመጣ የማታውቀው ሳቅ አፈናት።

«ምን ያስቅሻል?»

«አሥሬ… አሥሩን ረሳ!»

ሊቆጣ አፉን ከፈተ። አልቻለም፤ እሱም ሳቀ። ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ከእንባው የትኛው የሳቅ፣ የትኛው የሌላ እንደሆነ የለየ የለም። ሲበርድላቸው አጠገቡ ተቀመጠችና የማይሰማውን ቀኝ እጁን ጭኗ ላይ አኖረችው።

«ጭንቅላትህ የትም አልሄደም» አለችው። «እኔ ክር መርፌ ቀዳዳ ውስጥ እንዴት እንደማስገባ ንገሪኝ ብትለኝ መናገር አልችልም። እጄ ነው የሚያውቀው። አሥሩን የሚያውቀው ይሄ እጅህ ነው። እሱ ደግሞ አኩርፏል።»

አሥሬ እጁን አየው። እውነት መሆኑ ገባው።

«አሁን ንገረኝ» አለች፣ «ቀሚስ ሲያጥር ጠርዝ ይቀጠልበታል። ጠረጴዛ ሲያጥርስ?»

«የላዩ ጣውላ እያንዳንዱ ሲቆረጥ ሰባ ሳንቲም ትራፊ ይወጣዋል» አለ ቀስ ብሎ። «ውፍረቱ ሦስት ነው። ትራፊውን ሁለት ሁለት አነባብረን በኮላ ብናጣብቅ…»

«ስድስት! እጥፍ ነዋ! ቅምቅማት ማለት ይሄ አይደል እንዴ?»

«እንጨት አይቀመቀምም ብዬሽ ነበር» አለ አሥሬ። «ይቀመቀማል ለካ።»

ቀሪው ጊዜ ሥራ ብቻ ነበር። ሁለት ሁለት እግር ተነባብሮ ከተጣበቀው ትራፊ በተሠራ አንድ ወፍራም መርገጫ ላይ ቆመ። በእንጨት ችንካር አያያዙት፤ ከኮላው የተረፈውን ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው። «ከደረቀ ቫርኒሽ አይቀበልም» ብሎ አስጠንቅቋት ነበር። በእግሩና በመርገጫው መሃል የቀረችውን ጠባብ ክፍተት የራሱን የዋንዛውን ሰጋቱራ በኮላ ለውሳ ደፈነቻት። አሥሬ አሁን መናገርን ተማረ፤ ድሮ እጁ ብቻ የሚያውቀውን እያንዳንዱን ነገር ወደ አፉ እየጎተተ አወጣው። አንዳንዴ ቃል ሲያጣ በግራ እጁ አየር ላይ ይስላል። ቅዳሜ ሳይደርስ ሐሙስ ማታ ስልኩን ራሱ አነሳ።

«ልጄ፣ እሺ ብዬሽ አልነበር? ግን… ከሱቅ አትግዢ። መኪና ይዛችሁ ኑ።»

ቅዳሜ ልጅቱና ባሏ መጡ። ጠረጴዛውን ስታይ መዳፏን ዘርግታ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰችው። ከዚያ ተንበርክካ መርገጫውን አየች፣ የእጥፉን መስመር በጣቷ ተከተለችው።

«እማዬ፣ ይሄ ቅምቅማት ነው እንዴ?»

«አዎ። አባትሽ ነው ያስተማረኝ።»

«ውሸቷን ነው» አለ አሥሬ።

አማቻቸው በሩን ሲያይ ተጠራጠረ፤ ያልፍ ይሆን? ልጅቱ ከምስማሩ ላይ ሜትሩን ብድግ አደረገች። ልትለካ ስትል ቆም አለች። የሜትሩ ቆርቆሮ ቤት ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አለ። ፊደሎቹ ጎባጣ ናቸው፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፤ ገና ፊደል የሚቆጥር ልጅ የጻፋቸው ነው የሚመስሉት።

«‹አሥር ቀንሺ›» ብላ አነበበች። «አባዬ፣ በግራህ ጻፍክ? ለእኔ ነው?»

«አይደለም» አለ አሥሬ። ዓይኑን ወደ መሮዎቹ አዞረ። «ለባለቤቴ ነው።»

ሰፊዋ ጽሑፉን አላየችውም ነበር። ሜትሩን ከልጇ እጅ ተቀበለችና ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው። ለራሱ ማስታወሻ ቢሆን «ቀንስ» ይል ነበር። «ቀንሺ» ነው የሚለው። በመጨረሻዋ ፊደል ላይ እርሳሱ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል፤ እንድትጎላ።

የታዘዘ ይመስል አሥሬ በርጩማውን ከበሩ ላይ አንስቶ ወደ ውስጥ አስገባና መንገዱን ለቀቀ። እሷ ሜትሩን ዘረጋች። በሩን ለካች። አሥር ቀነሰች።

«ያልፋል» አለች።